አዎ፣ አልወሰደችም

መርከብ ላይ ከመውጣቴ በፊት የማውቀው ትልቁ ውሃ በክረምት የሚሞላው ቀበና ነበር። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው የጭቃ ቤት ነው። እናቴ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣች ስለሆነች በኦሮምኛ ትቆጣናለች፤ አባቴ በአማርኛ ይመርቀናል። ሁለቱም የሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ። ሲኳረፉ ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ «አልሰማም» ይላል። ያኔ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የእናቴን ስድብ ለአባቴ ሳላለዝብ፣ የአባቴንም ለእናቴ ሳልጨምርበት አደርስ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ያላለውን «ብሏል» ሲባልበት ደሜ ይፈላል።

ትምህርቴ አጭር ነው። ፊደልና ዳዊት ከቄስ ተምሬ፣ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁ። የእንግሊዝኛው አስተማሪ አርጩሜውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ያስብለን ነበር። እኔም ለብዙ ጊዜ «ፔን» ማለት አርጩሜ ይመስለኝ ነበር። ይዤው የወጣሁት እንግሊዝኛ ይኸው ነው።

ልጅነቴን ስጨርስ ከለጋሲዮኑ ዝቅ ብሎ ይኖሩ ከነበሩ ስዊድናውያን ቤት ሞግዚት ሆኜ ገባሁ። ባልየው መሐንዲስ ነው። ማዳም ሁለት ልጆች ነበሯት፤ አንዲት ገና ትምህርት ያልጀመረች ልጅና አንድ ሕፃን። አማርኛ ከዘበኛው ስለተማረች እኔን «አንተ» ነበር የምትለኝ። «ና፣ ልጁን ያዝ፣ ጎሽ» ትለኛለች። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ኋላ ለመድኩት።

ከማዳም ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ክፉኛ ተጣልተናል፤ ነገሩም የመጣው በወተት ነው። አንድ ጠዋት ወደ ወጥ ቤት ብቅ ብላ «ወተት አልፈላም?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳትና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ወተቱን ለሕፃኑ አጠጥታዋለች። ልጁ ሲያስመልስ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ፊቷ ቲማቲም መስሎ መጣች።

«አዎ አልክ!» አለችኝ።

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ፈላ አልክ!»

«ኧረ በሕግ! አልፈላም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። አዎ፣ አልፈላም!»

«አዎ ማለት ፈላ ነው!»

«በየት አገር?»

«በሁሉም አገር!»

ሽርጤን ፈትቼ ወንበር ላይ ሰቀልኩና ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሸታም ካልተባልኩ እሠራለሁ፣ ከተባልኩ ግን እንጦጦ ወጥቼ ቅጠል ብለቅም ይሻለኛል አልኩ። ማታ መሐንዲሱ ሲገባ ዳኛ ሆነና ሁለታችንንም ሰማ። ልጆቹ እስኪደነግጡ ድረስ ሳቀ። እነሱ ዘንድ «አልፈላም?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» ብሎ መመለስ ልማድ አይደለም። ያልፈላ ከሆነ «አይ» ነው የሚሉት። እኛ ደግሞ የተጠየቅነውን ነገር እውነት ከሆነ እውነት ነው እንላለን፤ ይህ ምኑ ጠማማ ነው? ዛሬም ቢሆን የኛ ትክክል ይመስለኛል። ብቻ ማዳም ከዚያ ወዲያ «አል» ያለበት ጥያቄ ላትጠይቀኝ ተስማማች፤ እኔም ሽርጤን ታጠቅሁ። ከዚያ በኋላ ነገር ተዛብቶ ሳንግባባ ስንቀር አንዳችን «ወተት!» ይላል። ሌላው ወዲያው ይቆማል፤ ጥያቄው ይታረማል።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ማዳም ልጆቿን ይዛ አገሯ ወደ እናቷ ልትሄድ ተነሣች፤ ባሏ ሥራ ስለያዘው ይቀራል። በመርከብ ሁለት ልጅ ብቻዋን አትችልምና እኔን አብረኸኝ ሂድ አለችኝ። አባቴ ፈቀደ። እናቴ እምቢ አለች።

«ይህን ዛፍ ታዪዋለሽ?» አለችኝ፤ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ በእጇ እየመታች። «ስሙ ለምን ባሕር ዛፍ ተባለ? ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው። ተመልሶ ሄደ? እዚሁ በቀለ። ባሕር የተሻገረ ሁሉ በሄደበት ይበቅላል።»

«እኔ ዛፍ ነኝ እንዴ እማዬ?»

«ዛፍ ብትሆኚማ ፈረንጅ አያገባሽም ነበር!»

ፍርሃቷ ይኸው ነበር። እንጦጦ ማርያም ይዛኝ ወጣችና ጠበል አስጠምቃ፣ ፈረንጅ ላላገባ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስማለችኝ። ፈረንጅ እኔን ጠይቆኝ እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ማልኩላት።

ከለገሃር በባቡር ተነሥተን ጂቡቲ ወረድን። ባሕሩን ሳየው እንደጠበቅሁት አልፈራሁም። የሚያስፈራው ሙቀቱ ነበር። መርከቧ ከሕንድ አገር ተነሥታ ወደ እንግሊዝ የምትሄድ፣ ነጭ ቀለሟ የተላላጠ ትልቅ መርከብ ናት። ማዳምና ልጆቹ ላይኛው ደርብ፣ እኔ ደግሞ ከሞተሩ አጠገብ፣ የታችኛው ክፍል ደረሰን። ክፍሉ ውስጥ አንዲት በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ሕንዳዊት ሞግዚት ነበረች፤ ከአንዲት እንግሊዛዊት ወይዘሮና ከወይዘሮዋ ልጅ ጋር የምትጓዝ። ትንሿ ልጅ ደረጃው ላይ ቆማ «አያ! አያ!» እያለች ትጠራታለች።

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ «አያ» የሚባል ታላቅ ወንድም ነው፤ አለዚያም በተረት ውስጥ ጅብ ነው። ይቺ የደግ ፊት ያላት ሴት ምን አድርጋ ጅብ ትባላለች ብዬ አዘንኩላት፤ ልጅቷንም ገላመጥኳት። ኋላ ነው በነሱ አገር «አያ» ማለት ሞግዚት መሆኑን የተረዳሁት። እኔም እንደ ታላቅ ወንድም አክብሬ «አያ» አልኳት። ለምን እንደምስቅ ሳስረዳት፣ እጄን ጥፍር አድርጌ እንደ ጅብ ጮህኩ። እሷም አልቀረች፤ የሷን አገር ጅብ አሰማችኝ። ከኛው ጅብ ጋር አንድ ነው። ከአያ ጋር የተግባባነው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ቃል ያስፈልግ ነበር። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ የሷን አላውቅ፤ በመካከላችን የቀረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እሱም የሁለታችንም አይደለም። ትምህርት ቤታችን የልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆነ። እሷ ሳሙናውን አንስታ «ሶፕ» ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ። ካውያውን «አይረን»። ካውያው ሲያቃጥለኝ «ሆት»፤ ይህን ቃል ሁለተኛ መማር አላስፈለገኝም። ሰዋስዋችን ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ኖ»። እሱን ካስቀደምን ዓለም ሁሉ ይፈርሳል። «ቤቢ ኖ ስሊፕ።» «ሲ ኖ ጉድ።» «ሌዲ ኖ ሃፒ።» የመርከቡ ሠራተኞችም፣ ዓረቡ ልብስ አጣቢ፣ ግሪኩ አስተናጋጅ፣ ከየትም የመጣው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚናገረው። የቀበናን ድልድይ ሰውም በግም አህያም እንደሚረግጠው ሁሉም ይረግጡታል፣ የማንም አይደለም። እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ ብቻ በግቢዋ እንደምትንጎራደድ ሰው ትናገረው ነበር።

አንድ ነገር ግን አላምን አልኩ። አያን «እርስዎ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል በብዙ ምልክት ጠየቅኋት። ከፍ ያለ ሰው፣ ሽማግሌ፣ ጢም ያለው ብዬ በእጄ ሠራሁላት።

«ዩ» አለችኝ።

ሕፃኑን አሳየኋት፤ አንተስ?

«ዩ።»

ወደ ራሷ ጠቆምኩ፤ አንቺስ?

«ዩ።»

«ካፒቴን?»

«ካፒቴን፣ ዩ።»

የወይዘሮዋ ወፍራም ድመት አጠገባችን ተኝቶ ነበር። እሱን አሳየኋት።

«ዩ» አለችና በሳቅ ፈረሰች።

ሰው ለካፒቴንና ለድመት አንድ ቃል ይናገራል ብዬ እንዴት ልመን? የአክብሮቱን ቃል ደብቃኝ ልታዋርደኝ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። ማዳምን ስጠይቃት እሷም «ዩ ብቻ» አለችኝ። ስለዚህ የራሴን «እርስዎ» ሠራሁ፤ ለትልቅ ሰው «ዩ» ስል ጎንበስ፣ ለልጅ ስል ቀና። በደረጃው ላይ ለአስተናጋጆቹ ሁሉ ስሰግድላቸው አያ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩ ደስ እያለኝ መጣ። ድመቱም ካፒቴኑም እኩል የሚሆኑበት ቋንቋ ፍርድ አለው አልኩ ለራሴ።

ፍርድ ግን በቃሉ እንጂ በመርከቡ ላይ አልነበረም። ሰገነቱ ላይ በዳስ ጥላ ሥር የሸራ ወንበሮች ተደርድረዋል። ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ሞግዚት ግን አይቀመጥባቸውም። የቀይ ባሕር ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ አያና እኔ ልጆቹን ስንጠብቅ የመርከቡን የጠርዝ ብረት ተደግፈን እንቆማለን። አያ እግሯ ያብጥባታል። እኔ አንድ ቀን ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፤ አስተናጋጁ መጥቶ አስነሣኝ። «ዋይ?» አልኩት። እጁን ወደ ጠርዙ ብረት ዘረጋ።

ወደ ሱዌዝ ስንቃረብ የወይዘሮዋ የወርቅ ስፒል ጠፋ። ደረት ላይ የሚደረግ፣ ዕንቁ ያለበት ጌጥ ነው። የሞተች እናቷ የሰጠቻት እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል፤ እያለቀሰች ደርቡን አዳረሰችው። የወይዘሮዋን ክፍል የምታጸዳው አያ ናት። በዚያ ቀን ግን አያ ከጠዋት ጀምራ ከእኔ ጋር ማጠቢያው ክፍል ነበረች፤ ልጆቹ ወንፊት በሚያህል ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቁ አብረን ጠብቀናቸዋል፤ ክፍሉን ስትጠርግም እኔ ሕፃኑን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ነበር።

የተሳፋሪዎችን ጉዳይ የሚይዘው የመርከቡ ሹም ሁለታችንን ቢሮው አስጠራን። ጠጉሩ የሸበተ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ ግሪክ ነው። ወይዘሮዋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማዳም ማዕበሉ አሳምሟት ተኝታ ስለነበረች አልመጣችም። ሹሙ እንግሊዝኛው እንደኛው የማጠቢያ ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ደስ አለኝ፣ ሁሉንም ሰማሁት። አያን ትክ ብሎ አያት።

«ዩ ኖ ቴክ?»

አንቺ አልወሰድሽም? ማለቱ ነው።

«የስ፣ ሰር» አለች አያ፤ ሕንዶች እንደሚያደርጉት ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች።

ወደ እኔ ዞረ። «ሺ ኖ ቴክ?»

አልወሰደችም? እኔማ እርግጠኛ ነኝ! ጎንበስ አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «የስ!» አልኩ። እንዳይጠራጠር ብዬ ደገምኩለት። «የስ! የስ!»

ወይዘሮዋ ከወንበሯ ተነሣች። ሹሙ ተነፈሰና አሰናበተን። አያና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ መስክረን ነፃ እንደወጣ ሰው ደረጃውን ወረድን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ለአያ የሆነ ነገር ነገራት። ልጆቹን አይቼ ስመለስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላ የመሰለ ልብሷን እያጠፈች ነበር።

«ሱዌዝ። አይ ጎ» አለችኝ።

ሱዌዝ ላይ ሊያወርዷት ነው። አገሯ ያልሆነ፣ ሰው የማታውቅበት ወደብ ላይ። ትንሿን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ዋይ?» አልኳት።

«ኖ አንደርስታንድ። አይ ሴይ የስ።»

«ሚ ሴይ የስ!» አልኩ እኔም። ሁለታችንም የስ ብለናል፤ ታዲያ ምን ይፈልጋሉ? ጥርሴን ነክሼ፣ የፈረንጅ ፍርድ እንዲህ ነው እያልኩ፣ የሕፃኑን እራት ላሰናዳ ተነሣሁ። የወተቱን ጣሳ ከመደርደሪያው አነሣሁት። እጄ በዚያው ቆመ።

ወተት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ማዳም ተሽሏት ለእራት ትልቁ አዳራሽ ገብታለች። ሞግዚት እዚያ አይገባም። እኔ ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ ጣሳውን እንደያዝኩ ገባሁ። ፒያኖ የሚመታው ሰውዬ ሳይቀር ቀና ብሎ አየኝ።

«ማዳም! ወተት! ወተት ነው!»

አስተናጋጁ ሮጦ መጣ። «ሚልክ?»

«ኖ ሚልክ! ወተት!»

በእጁ በሩን ቢያሳየኝም አልሄድ አልኩ። ቶሎ ልገላገላት ብሎ ነው መሰለኝ ብርጭቆ ሙሉ ወተት አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔም ማዳም ፊት አኖርኩት። ማዳም ወተቱን አየች፤ እኔን አየች።

«ማን ነው የጠየቀ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሹሙ።»

«እንዴት ጠየቀ?»

«ኖ ቴክ ብሎ።»

«አንተ ምን አልክ?»

«የስ።»

«እሷስ?»

«የስ።»

ማዳም እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ናፕኪኗን ወርውራ ተነሣች።

ሹሙ በቀላሉ አላመነም። ማዳም በጥሩ እንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች፤ እሱ ግን «የስ ኢዝ የስ» እያለ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። ወይዘሮዋም ተጠርታ መጥታ ነበር፤ «አሁን አስጠንተዋት ነው» አለች። ይህን ማዳም ተረጎመችልኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብዬ ሹሙን ፊት ለፊት አየሁት።

«ዩ!» አልኩት። ጎንበስ አላልኩም። «ዩ አስክ ባድ። አስክ ጉድ!»

አጠያየቅህ መጥፎ ነው፣ ደህና አድርገህ ጠይቅ ማለቴ ገብቶታል። ሹሙ «ኖ»ዋን ከጥያቄው አወጣት።

«ሺ ቴክ?»

«ኖ!» መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ።

አያን አስጠራት። «ዩ ቴክ?»

«ኖ፣ ሰር። ኔቨር።» ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር፤ ጭንቅላቷም ያንኑ ግራና ቀኝ ነው።

ሹሙ ወንበሩን ተደግፎ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ሳቅ አለና ለማዳም አንድ ነገር አጫወታት፤ ኋላ ነገረችኝ። በሱ ቋንቋ «አዎ» ማለት «ኔ» ነው አሉ። ልጅ ሆኖ የእንግሊዞች መርከብ ላይ ሲቀጠር፣ አለቃው «ገመዱን አሰርከው?» ብሎ ሲጠይቀው ደንግጦ በራሱ ቋንቋ «ኔ! ኔ!» ይላል። አለቃው «ኖ» ያለ መስሎት በጥፊ መታው። ገመዱ ታስሮ ነበር። «ያ ጥፊ ዛሬም ጉንጬ ላይ አለ» ብሏል። የወይዘሮዋ ሣጥኖች እሷው ባለችበት ሳይፈተሹ ከመርከቡ የሚወርድ ሰው እንደሌለ ወሰነ።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኖቹ ተከፈቱ። ስፒሉ ወይዘሮዋ ለማታ በምትደርበው ሻል ገበር ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ራሷ ሰክታ፣ ራሷ አጥፋ ያስቀመጠችው ሻል ነው። ስፒሉን ደረቷ ላይ ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ለእሷም ፍርዷን ልስጣት፤ የእናት ነገር ነውና ዕንባዋ የውሸት አልነበረም። አያን ግን አላየቻትም። ልጇን «ነይ» ብላ ወጣች።

እኔ ተከትዬ ልሄድ ተነሣሁ። አያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ፊኒሽ» አለችኝ።

«ኖ ፊኒሽ! ሺ ሴይ ሶሪ!» ይቅርታ ትበል!

ያን ጊዜ አያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ። ቃሉ አጭር ነበር፤ ትርጉሙን ግን እንደ አማርኛ ሰማሁት። አንቺ ወርደሽ ትሄጃለሽ፤ ከዚህች ሴት ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ያንቺን ፍርድ በኔ ጀርባ አትጫኚው። እኔን ዝም ያሰኘ ሰው ከእናቴ ቀጥሎ እሷ ናት።

ከዚያ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ልብሷን አጣጥፋ ደርባ፣ ብቻዋን ወደ ወይዘሮዋ ወጣች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ስንወጣ ያ አስተናጋጅ ሁለት የሸራ ወንበሮች ስቦ ከጥላው ሥር አኖረልን። አያ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ያበጠው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነፋስ ነፈሰበት። ወይዘሮዋ ከወዲያ ማዶ ወንበር ላይ መጽሐፍ ታነባለች፣ ቀና አትልም።

«ሶሪ፣ አይ ኖ ኢት» አለችኝ አያ፤ ይቅርታ አይበላም። ከዚያ የወንበሩን ሸራ በእጇ መታ መታ አደረገች። «ዚስ፣ ጉድ።»

እኔ ብሆን ሁለቱንም እጠይቅ ነበር። ወንበሩ ግን ጥሩ ነበር። እስከምንለያይ ድረስ በየቀኑ ተቀመጥንበት፤ የቀረውን እንግሊዝኛ የተማርኩትም እዚያ ነው። ድመቱ እግራችን ሥር ይተኛል፤ «ዩ፣ ሙቭ» እንለዋለን። ካፒቴኑ ሲያልፍም አልጎነበስኩም።

እኛ በምንወርድበት ወደብ አያ እስከ ጠርዙ ብረት ድረስ መጥታ ሸኘችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ዩ ኖ ፎርጌት?» አለችኝ። አትረሺኝም?

«የስ» አልኳት።

ማዳም ከኋላዬ ልታርመኝ አፏን ስትከፍት ሰማኋት፤ ተወችው። አያ ገብቷታል።

በማዳም አገር በረዶ አየሁ፣ እናቷንም ወደድኳት። እንግሊዝኛዬ ግን የመርከቡ ነበርና እንደገና እንዳያሳስተኝ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ «ኖ» ያለበት ጥያቄ ከመጣ፣ ነገሩ ካልሆነ፣ መልሱ «ኖ» ነው። በሄድኩበት ሁሉ ይህን ስለማመድ ከረምኩ። ስመለስም በመርከብ ላይ ለሌሎች ሞግዚቶች አስተማርኩት።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንደርስ እናቴ ዳገቱን እየሮጠች ወርዳ መጣች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላዋ ነው። አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ራቅ አደረገችኝና ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

«በይ በእንጦጦ ማርያም ንገሪኝ፤ ፈረንጅ አላገባሽም?»

አፌ የመርከቡን ሕግ ይዞ በኩራት መለሰ።

«አይ!»

እናቴ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈች። «አይ አለች! አግብታለች! ወይኔ ልጄን! ባሕር ዛፍ ሆና ቀረች!» ጎረቤት ተንጫጫ። አባቴ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለ ይገፋል። እኔ «አዎ! አዎ! አላገባሁም!» እላለሁ። እናቴ ይኼን ጊዜ ወደ ኦሮምኛዋ ገብታለች፣ አማርኛ አልሰማም ብላለች።

ማዳም ሕፃኑን ታቅፋ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። ግርግሩን ስታይ፣ ከሰው በላይ አንገቷን አስግጋ ጮኸች።

«ወተት?»

«ወተት፣ ማዳም» አልኳት፤ «ወተት!»